የኮርኩሬ ማብሪያ

መሸሻ የሚባለው ሰውዬ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ወዳለው ላሜራ ቤት የመጣው አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ዊዳድ የውሃ በርሜል ክዳን እየቆረጠች ስለነበር ሦስቴ ተጣርቶ ነው የሰማችው። መቁረጫውን አጠፋች፤ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችና "አቤት ጋሼ" አለች።

"ባለቤቱን ፈልጌ ነበር።"

"እኔ ነኝ።"

መሸሻ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ እጅጌው ሁለቴ የተጠቀለለ የአባቷን ቱታ ለብሳለች። ሰውየው "ሴት ናት አላሉኝም" ብሎ ሳቀና ስልኩን አውጥቶ አንድ ሥዕል አሳያት።

"ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። ቆርቆሬ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ሮቦት። አለቃዬ የኮምፒውተር ሳጥን ሆኖ እንዲሠራለት ይፈልጋል። ኮምፒውተሩ እንዳለ ሆዱ ውስጥ ይገባል፤ ደረቱ ላይ ስክሪን ይኖረዋል፤ ዓይኖቹ ይበራሉ። የፊልሙ ሦስተኛ ምዕራፍ ሲመረቅ መድረክ ላይ ቆሞ እንግዳውን ሁሉ ሰላም ይላል። ይቻልሻል?"

ዊዳድ ስልኩን ተቀበለችው። ጀሪካን የመሰለ ጭንቅላት፣ ድቡልቡል ሆድ፣ አንዱ ከሌላው የማይገጥም ዓይን፣ ከግራው ረዘም ያለ ቀኝ እጅ። ስልኩን መለሰችለት። 

"አለቃዎ ማን ይባላል?" አለች፣ እያወቀች።

"ኢዮስያስ። የቆርቆሬ ፈጣሪ።"

"ይቻለኛል" አለች ዊዳድ።

ነገሩ የቆየ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ዊዳድና ኢዮስያስ አንድ አጥር የሚለያቸው ጎረቤታሞች ነበሩ። እሷ ቤት ውስጥ መሳል አይታሰብም፤ አባቷ ጋሽ ሀያቱ ግቢው ውስጥ አሸንዳና ጭስ ማውጫ ሲቀጠቅጡ ይውላሉ፤ መዶሻው ባረፈ ቁጥር እርሳሷ ይዘላል። ስለዚህ ደብተሯን ይዛ ወደ ኢዮስያስ ቤት ትሻገር ነበር። እናቱ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከቦንጋ በሚመጣ ማርና ኮረሪማ ንግድ ሁለት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ምግብ ጠረጴዛቸውን ጠርገው ይለቁላትና "ልይ፣ ልይ፣ ዛሬ ምን ወለድሽ?" እያሉ ከትከሻዋ በላይ ያዩ ነበር።

ሮቦቱ የተወለደው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። በሁሉ ነገር መሀል እንቅልፍ የሚጥለው ሮቦት ነበር። ቢጮኹበት አይነቃም፣ ቢረግጡት አይነቃም፣ ውሃ ቢያፈሱበትም አይነቃም። የግራ ብብቱን ሲኮረኩሩት ብቻ ከት ብሎ ስቆ ይነሳል። ሐሳቡን ያገኘችው ከአባቷ ነው፤ ጋሽ ሀያቱ ድካም ሲያሸንፋቸው መዶሻቸውን እንደያዙ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ፤ ትንሽ ልጅ ሳለች ብብታቸውን እየኮረኮረች ታስነሳቸው ነበር። ስሙንም ኮርኩሬ አለችው።

ኢዮስያስ ያኔ ሥዕልን በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ ለብቻው እየተማረ ነበር። ደብተሩን አገላብጦ "ለሁለት ቀን ስጪኝ፤ ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ እመልሳለሁ" አላት። ሰጠችው። ሁለቱ ቀን ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያ ኢዮስያስ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሰፈሩን ለቀቀ።

በዓመቱ ኮርኩሬ በቴሌቪዥን መጣ። ስሙ ቆርቆሬ ተብሏል፤ ግንባሩ ላይ ቀይ ቁልፍ ተለጥፎለታል፤ ቁልፏን ሲጫኗት ይነቃል። ሌላው ሁሉ የዊዳድ ነው፤ ከሆዱ ላይ ያለችው የብየዳ ጠባሳ ሳትቀር።

ጋሽ ሀያቱ ይህን ሲሰሙ ደስታቸው ልዩ ነበር። ማታ ማታ ወደሚቀመጡበት ሻይ ቤት ሄደው ላገኙት ሰው ሁሉ "የልጄ ነው፤ ዊዳድ ናት የሳለችው፤ መጨረሻ ላይ ስሟ ይወጣል፣ ቆዩ" አሉ። ቆዩ። ፊልሙ አለቀ። ስሞች ወጡ፤ ፈጣሪ ኢዮስያስ፣ ሠዓሊ ኢዮስያስ። የዊዳድ የለም። አንዱ ከጥግ "ሀያቱ በእርጅናቸው መዋሸት ጀመሩ እንዴ?" ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ሀያቱ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ። ከዚያች ቀን ወዲያ እዚያ ሻይ ቤት አልተቀመጡም። ለዊዳድም አልነገሯትም፤ የሰማችው ከሰው ነው።

በማግስቱ ወደ ኢዮስያስ ቢሮ ሄደች። አላስጠበቃትም፤ ወንበርም ሰጣት።

"ሥዕልማ ማንም ይስላል ዊዱ" አላት እየሳቀ። "ነፍስ የዘራሁበት እኔ ነኝ።"

"ደብተሬን መልስልኝ።"

"የምን ደብተር? ማስረጃ አለሽ?"

ተነስቶ በሩን ከፈተላት። "አትድከሚ። ወደ አባትሽ ተመለሽና ቆርቆሮሽን ቀጥቅጪ፤ እሱ ነው የሚያዋጣሽ።"

እሷም ተመለሰችና ቆርቆሮ ቀጠቀጠች። አባቷ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሞቱ ላሜራ ቤቱን ወደ ማዞሪያው አዛወረችው። ከኮልፌ እስከ ዘነበወርቅ የእሷን ያህል ላሜራ የሚያጎብጥ ሰው የለም ተባለላት። ግን ወላሂ፣ አንዲት ቀን አልረሳችም። ማያያዣ ሪቬት በመታች ቁጥር ያቺን የኢዮስያስ ሳቅ ትመታት ነበር።

አሁን ጠላቷ በእግሩ መጣላት፤ ያውም ሳያውቅ። ኢዮስያስ ሠሪው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ሠሪ የሚባል ሰው ስም እንዳለው ከረሳ ቆይቷል።

ወንድሟ ኢርፋን እዚያው ማዞሪያው ላይ ኮምፒውተር ይጠግናል። የሮቦቱን የውስጥ ዕቃ እሱ እንዲገጥምላት ጠርታ ነገሩን ስትነግረው ዓይኑ በራ።

"መተንፈሻውን እንድፈነው" አለ። "አየር ካጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጠበሳል። መድረኩ ላይ ጭስ በጭስ ይሆናል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ተዋረደ!"

"የምዋረደው እኔ ነኝ። እሱ 'የቀጥቃጭ ሥራ' ብሎ በነጋታው ሌላ ያሠራል። ሥራዬ ላይ እንከን አላስቀምጥለትም ኢርፋን። እንከኑ እሱ ጋ ነው ያለው፤ እሱን ነው የማወጣው።"

እንዲህ ብላ ጀመረች። ሆዱን ከስስ ላሜራ ቆርጣ፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ላይ እያስተኛች፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ በቀስ አጎበጠችው። ሦስት ቀን ፈጀባት። ለዓይኖቹ ቆሼ አካባቢ ወዳሉት ቁራሌ ሰብሳቢዎች ወርዳ አንዱን ከአሮጌ ላዳ፣ ሌላውን ከሞተር ሳይክል መብራት መረጠች። ጀርባው ላይ መተንፈሻዎቹን በትራፓን አንድ በአንድ በሳች፤ ነፋሱ ከታች ገብቶ በአንገቱ እንዲወጣ አደረገች። ሆዱ እንደ በር ይከፈታል፤ ኢርፋን ቦርዱንና ማራገቢያዎቹን ሲገጥም ስንዝር ቦታ እንኳ አልጠበበውም። ቀኝ እጁን ከትንሽ ሞተር ጋር አያያዙት፤ ሲነቃ ያነሳዋል። በሕይወቷ እንደዚህ አሳምራ የሠራችው ነገር የለም። ስትሠራው ግን አንድ ቀን እንኳ አልሳቀችም።

በሁለተኛው ሳምንት መሸሻ ሊያይ ሲመጣ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዊዳድ እጇን በጨርቅ እየጠረገች "አንድ ነገር አለቃዎን ይጠይቁልኝ" አለችው። "ማብሪያ ማጥፊያው የት ይሁንለት? ግንባሩ ላይ ነው ወይስ እንደ መጀመሪያው ሥዕል ላድርገው?"

መሸሻ እዚያው ደወለ። የኢዮስያስ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ እየቸኮለ ሲወጣ እሷም ሰማችው፤ ሰባት ዓመት ሆኗታል ከሰማችው። "እንደ መጀመሪያው ሥዕል አድርጉት! እኔ የፈጠርኩት አይደል እንዴ፣ ላገኘው አያቅተኝም። በዚህ በዚህ አትደውልልኝ።"

"ሰማሽ" አለ መሸሻ።

"ሰማሁ" አለች። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያለችው።

ግንባሩ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ አሳምራ ሠራቻት፤ ቀለሟን ቀባቻት፤ ሽቦ ግን አልተያያዘባትም። ትክክለኛውን ማብሪያ ከግራ ብብቱ ውስጥ፣ ጣት ብቻ የሚያገኘው ቦታ ላይ ደበቀችው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ቀላል በሆነ። ዊዳድ ግን ኢዮስያስን ታውቀዋለች፤ "ትንሽ የቴክኒክ ችግር ነው" ብሎ ሳቅ አድርጎ ያልፈዋል። እሷ ተነስታ "የእኔ ነው" ብትል ደግሞ የላሜራ ቤት ሠራተኛ ቀናች ይባላል። ምስክር ያስፈልጋታል፤ ሊክደው የማይችል ምስክር። እንደዚያ ያለ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው ያለው።

ምርቃቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ ወለተጻድቅ ቤት ሄደች። ሴትዮዋ ልጃቸውን ተከትለው ሰፈር አልቀየሩም። ዓይናቸው ደክሟል፤ የቴሌቪዥን ጽሑፍ አያነቡም። ፊልሙን ሲያዩ የዊዳድም ስም እንደሚወጣ ያምኑ ነበር፤ ማንም ተቃራኒውን አልነገራቸውም። እሷም አልነገረቻቸውም፤ አፏ ላይ ስንት ጊዜ መጥቶ መልሳዋለች።

"እትዬ፣ የኢዮስን ምርቃት አይሄዱም?"

"መኪና እልካለሁ ብሎኝ ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ነው መሰል ረሳው።"

"እኔ እወስድዎታለሁ። ሮቦቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ብብቱን ሲኮረኩሩት ይነቃል፤ እንደ ድሮው።"

"እሰይ!" አሉ ሴትዮዋ እጃቸውን እያጨበጨቡ። "ኮርኩሬዬን በአካል ላየው! አብራችሁ መሥራታችሁን አልተዋችሁም ማለት ነው። እኔኮ ሁልጊዜ እላለሁ።"

ዊዳድ ጉንጫቸውን ስማ ወጣች። ወደ ፌርማታው ስትሄድ ተመልሳ ልትነግራቸው ቆም አለች። አባቷ ሻያቸውን ትተው ሲወጡ አሰበች፤ መንገዷን ቀጠለች።

የምርቃቱ ቀን ሮቦቱን ማልደው ወሰዱት። ኢርፋን ለመሸሻ አንዴ አብርቶ አሳየው፤ ሲያበራው ግን ጀርባውን ሰጥቶት ነበር። መሸሻ ሲጠይቅ "አለቃህ አውቀዋለሁ ብሏል" አለው። ኢዮስያስ የደረሰው አዳራሹ ከሞላ በኋላ ነው፤ ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ግራ ቀኝ እየጨበጠ በቀጥታ ወደ መድረክ ወጣ። ፕሮግራሙ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ከፊት ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ ወለተጻድቅ አዲስ ነጠላቸውን ለብሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከጎናቸው ዊዳድ።

አስተዋዋቂዋ ማራናታ የምትባል ሳቂታ ወጣት ነበረች። "ቆርቆሬን እንዴት ፈጠርከው?" አለችው።

"ብቸኛ ልጅ ነበርኩ" አለ ኢዮስያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ጨዋታ የሚጋራኝ አልነበረም። በልቤ የሠራሁት ጓደኛዬ ነው። እያንዳንዱን ብሎን አውቀዋለሁ።"

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ወደ ዊዳድ ዘወር ብለው "እህቱስ? ምን ነካው?" አሉ በሹክሹክታ። ዊዳድ ዓይኗን ከመድረኩ አላነሳችም።

መጋረጃው ተነሳ። ልጆቹ ጮኹ። ኮርኩሬ በሁለት እግሩ ቆሟል፤ ሰማያዊ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ተኝቷል።

"እስቲ ቀስቅሰው!" አለች ማራናታ። ልጆቹ ቆጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ኢዮስያስ ቀይዋን ቁልፍ ተጫነ።

ምንም።

ደግሞ ተጫነ። ፈገግ አለ። ለሦስተኛ ጊዜ ተጫነ። መሸሻ ከጀርባ ሮጦ ሶኬቱን አየ፤ ተሰክቷል። ኢዮስያስ አፍንጫውን ነካ፣ ጆሮውን ነካ፣ ሆዱን ዳሰሰ፤ በጀርባው ዞሮ ጎንበስ አለ። ልጆቹ በመጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ አንዲት ሕፃን "አያውቀውም እንዴ?" አለች፣ አዳራሹ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። የኢዮስያስ ግንባር በላብ ረጠበ። ዊዳድ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እያንዳንዷን ደቂቃ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣቻት ተቀመጠች።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ግን ልጃቸው ሲጨነቅ ማየት አልቻሉም። ብድግ አሉ።

"ኢዮስ! ብብቱን ልጄ! የግራ ብብቱን ኮርኩረው እንጂ!"

ኢዮስያስ ቀና ብሎ እናቱን አየ። ከጎናቸው ማን እንደተቀመጠም አየ። ያን ፊት ለማየት ነበር ሰባት ዓመት የጠበቀችው፤ ፊቱ አመድ ሲመስል በዓይኗ አየችው። እጁን አልዘረጋም። ማራናታ ናት እየሳቀች እጇን ከሮቦቱ ብብት ያስገባችው። የላዳው ዓይን በራ፤ የሞተሩ ዓይን ተከተለ፤ ኮርኩሬ ቀኝ እጁን አነሳ። አዳራሹ በጭብጨባ ፈነዳ።

ማራናታ ማይኩን ይዛ ወደ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ወረደች። "እናቴ፣ ፈጣሪው ያቃተውን እርስዎ እንዴት አወቁ?"

"እንዴት አላውቅ! ዊዳድ በእኔ ጠረጴዛ ላይ አይደል የሳለችው። ያኔ ስሙም ኮርኩሬ ነበር። ይቻትና፣ ይቺ ናት!" ብለው የዊዳድን እጅ ወደ ላይ አነሱት።

ጭብጨባው ቀስ እያለ ቆመ። ኢዮስያስ ማይኩን አፉ ላይ አስጠግቶ ሳቅ ለማለት ሞከረ። "ይቅርታ፣ እናቴ ናት። ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ትንሽ... ነገር ይደበላለቅባታል።"

ዊዳድ ይህን አልጠበቀችም ነበር። ይክዳታል ብላ ጠብቃለች፤ እናቱን ይክዳል ብላ ግን አልጠበቀችም። የወይዘሮ ወለተጻድቅ እጅ በእጇ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተሰማት።

"ይደበላለቅባታል?" አሉ ሴትዮዋ። ማይኩ አሁንም አፋቸው ስር ነበር። "ደብተሩ አረንጓዴ ነበር። ቀለሟን የጠረጴዛ ልብሴ ላይ ደፍታ ስታለቅስ አንተ ነህ ያጠብከው። 'ለሁለት ቀን' ብለህ የወሰድከው እኔ በር ላይ ቆሜ ነው። ይህም ይደበላለቅብኛል?" ትንፋሻቸውን ሳቡ። "ኢዮስያስ፣ የሰው ነው እንዴ?"

ኢዮስያስ ማይኩን አወረደ።  ኮርኩሬ ብቻ እጁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ሰላም ይል ነበር። ስርጭቱ ተቋርጦ ማስታወቂያ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። ጣቢያው ፊልሙን አገደ፤ ሰው ሁሉ ያቺን ቅንጭብ በስልኩ ተቀባበላት። በአሥረኛው ቀን መሸሻ አንገቱን ደፍቶ ላሜራ ቤቱ ድረስ መጣ፤ አረንጓዴውን ደብተር ይዞ። ዊዳድ ገለጠችው። ስሟ የተጻፈበት የመጀመሪያው ገጽ ተቀድዷል።

"ምን ትፈልጊያለሽ ይላል" አለ መሸሻ። "ከነጭራሹ ውጣ ካለችኝ እወጣለሁ ይላል።"

"አይወጣም" አለች ዊዳድ። "ስሙ ወደ ኮርኩሬ ይመለስ። ፈጣሪ ዊዳድ ሀያቱ ይባል፤ በትልቁ። የእሱ ስም ከእኔ በታች ይጻፍ። ሥራውን ይሥራ፤ በየሳምንቱ ይመልከተው።"

ፈረመ። ምን ምርጫ ነበረው? ጣቢያው እገዳውን አንስቶ ሦስተኛው ምዕራፍ ሲጀምር የሰፈሩ ሰው ተጠራርቶ አየ። የአባቷ ስም ከስሟ ጋር በስክሪኑ ላይ ሲወጣ ዊዳድ ቆማ ነበር። ያለቀሰው ኢርፋን ነው፤ እሷ አላለቀሰችም። የጠበቀችው ዓይነት ደስታ መጣላት፤ ጥርስ የሚያነካክስ፣ ሞቅ ያለ ደስታ። ይህን ማንም ሐሰት ነው ሊላት አይችልም።

በሦስተኛው ሳምንት ወይዘሮ ወለተጻድቅ በራቸውን ዘግተው፣ በትራቸውን ይዘው ላሜራ ቤቷ መጡ። ዊዳድ ወንበር አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ልጄ የሠራውን አሁን አውቄዋለሁ፤ አፍሬበታለሁ፤ ያም የእኔ ጉዳይ ነው። አንቺ ግን ያን ቀን ስትመጪልኝ፣ ይህ እንደሚሆን ታውቂ ነበር?"

መዋሸት ትችል ነበር። "አውቅ ነበር" አለች።

"ለዚህ ነው የወሰድሽኝ?"

"አዎ እትዬ።"

"ነጠላ ገዝቼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ..." ድምፃቸው ተሰበረና መለሱት። "ቤቴ መጥተሽ 'እትዬ፣ ልጅዎ በድሎኛል' ብትዪኝ ኖሮ ጆሮውን ይዤ አመጣልሽ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በሬ ክፍት ነበር። አንቺ ግን ቢላ ፈልገሽ እኔን አነሳሽ።"

 "ያረጀች ናት ያለዎት እኮ እሱ ነው" አለች ዊዳድ።

"እሱማ እሱ ነው። በሕዝብ ፊት ያቆምሽኝ ግን አንቺ ነሽ።" በትራቸውን አስተካከሉ። "አልረግምሽም። አባትሽን እወዳቸው ነበር። ቤቴ ግን እንዳትመጪ።"

ዊዳድ እስከ አስፋልቱ ልትሸኛቸው ተነሳች፤ በእጃቸው "ተይ" አሏት። ታክሲ ውስጥ ገብተው እስኪሄዱ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ተመልሳ መነጽሯን አጠለቀች፤ ለመዋዕለ ሕፃናት የታዘዘ ሌላ ሮቦት ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ኢርፋን አንድ ቀን "እሳቸውን ባትወስጂያቸው ይሻል ነበር?" ብሎ ጠየቃት። ብዙ አሰበች። ያለ እሳቸው ኢዮስያስ እየሳቀ ያመልጥ እንደነበር ታውቃለች፤ ዛሬም ቢሆን ደግማ እንደምትወስዳቸው ታውቃለች። ይህን ግን ለወንድሟ አልነገረችውም። "መዶሻውን አቀብለኝ" አለችው፤ አቀበላት፤ ላሜራውን ማጎበጥ ቀጠለች።